አገርን በጉሮሮ መሸከም

(በመጋቢት ወር፣ ስቶክሆልም ውስጥ ለተሰበሰቡ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር። ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር እንዳለ ተጽፏል።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ልጆችም እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ። ወንበር ያላገኛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ።

ስለ ኩርድ ሕዝብ ላወራ እንደሆነ ሲሰማ «ምነው፣ የራሳችን ታሪክ አለቀ እንዴ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ቅር አላለኝም፤ ሰው ስለ ቤቱ መስማት ይወዳል። ግን እኔም ልጠይቃችሁ። ልጆቻችን እዚህ አገር ከማን ጋር ነው ጎን ለጎን የሚቀመጡት? ትኩስ ዳቦ ከማን ሱቅ ነው የምንገዛው? ልጄ ታሞብኝ በሌሊት በር ሳንኳኳ፣ መኪናውን አስነስቶ ሆስፒታል ያደረሰኝ ማን ነው? ኩርድ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ «ቱርኩ ጎረቤቴ» ነበር የምለው። ስንት ዓመት! ሰውየው አንድ ቀን እንኳ አላረመኝም። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ለዚህ ነው።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው እነማን ናቸው የሚለው ነው፤ እሱን ቶሎ አልፈዋለሁ። ሁለተኛው ድምፃቸው ነው፤ እሱ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። ሦስተኛው እሳታቸው ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ።

እሺ፣ እነማን ናቸው? የዛግሮስና የታውሮስ ተራሮች የሚባሉ አሉ። ጤግሮስና ኤፍራጥስ፣ ከቅዱስ መጽሐፍ የምናውቃቸው ወንዞች፣ ውኃቸውን ከእነዚህ ከፍታዎች ይሰበስባሉ። ኩርዶች የዚያ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ምድራቸው በአራት መንግሥታት ተከፍሏል፤ ቱርክ፣ ኢራን፣ ኢራቅ፣ ሶርያ። ቁጥራቸው ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ይህን ያህል ሕዝብ ሆኖ የራሱ መንግሥት የለውም። «ከተራሮች በቀር ወዳጅ የለንም» የሚል አባባል አላቸው። እኛም የተራራ ሰዎች ነንና ይህ አባባል ይገባናል።

ቋንቋቸው አረብኛ አይደለም። ቱርክኛም አይደለም። የፋርስኛ ዘመድ ነው። በሰሜን ኩርማንጂ ይናገራሉ፤ በመካከል ሶራኒ። ዛዛኪና ሃውራሚ የሚናገሩም አሉ። ኩርማንጂ በአብዛኛው በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ሶራኒ ከአረብኛ በተወሰደ ፊደል። ሃይማኖታቸውም አንድ አይደለም። አብዛኞቹ ሱኒ ሙስሊሞች ናቸው። ሺዓ አሉ፣ አሌቪ አሉ፣ ያርሳን አሉ። የዚዲዎችም አሉ። የየዚዲዎቹ ቅዱስ ስፍራ በሰሜን ኢራቅ ያለው ላሊሽ ነው። ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ጫማ አውልቀን ለምንገባ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እነዚህ ሰዎች ናቸው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2014 ሲንጃር ላይ አይሲስ የወረደባቸው። ወንዶቹን ገደለ፣ ሴቶቹን እንደ ዕቃ ሸጠ። ከተሸጡት አንዷ ናዲያ ሙራድ ናት። አምልጣ ለዓለም ተናገረች፤ በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት። ልጆች፣ ይህን ስም ያዙ። ናዲያ ሙራድ።

ሌላ ስም ልስጣችሁ፣ ይኼኛውን ታውቁታላችሁ። ሳላዲን። በ1187 ኢየሩሳሌምን የያዘው ሱልጣን ኩርድ ነበር። ቲክሪት ውስጥ ከኩርድ ቤተሰብ ነው የተወለደው። ያ ዘመን እኛ ዘንድ የላሊበላ ዘመን ነው። አባቶቻችን በኢየሩሳሌም ያለውን የዴር ሡልጣንን ገዳም ነገር ሲያነሡ የሳላዲንን ስም በበጎ ይጠሩታል። ይዞታችንን ያጸናልን እሱ ነው ብለው ይተርካሉ። እንግዲህ ሩቅ የመሰለን ሰው ከበራችን ላይ ነው።

ከሳላዲን በኋላ ብዙ ዘመን በመሳፍንት ተዳደሩ። ቦታን፣ ሶራን፣ ባባን፣ አርዳላን የሚባሉ ግዛቶች ነበሯቸው። ሸረፍ ኻን ቢድሊሲ የሚባል መስፍን በ1597 የእነዚህን ቤቶች ታሪክ በፋርስኛ ጽፎ አኑሯል። ግን ሁለት ትልልቅ መንግሥታት መሃል ነው የወደቁት፤ የቱርኩ ኦቶማንና የፋርሱ ሳፋቪድ። በ1514 ቻልዲራን ላይ ተዋጉ። በ1639 ድንበር ተካለሉ። መስመሩ የኩርዶችን ምድር ሰንጥቆ አለፈ። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሳፍንቱ አንድ በአንድ ጠፉ። የቦታኑ በድርኻን በ1847 ተሸነፈ፣ ተጋዘ። በድርኻን የሚለውን ስም ያዙልኝ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ይመጣሉ።

እና ወረቀቱ! ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1920፣ ሴቭር ላይ ውል ተፈረመ። ለኩርዶች ራስን ማስተዳደርን፣ ከዚያም ነጻ መንግሥት የመሆን ዕድልን የሚሰጥ አንቀጽ ነበረበት። ሦስት ዓመት አልፎ፣ በ1923፣ ሎዛን ላይ ሌላ ውል ተፈረመ። በዚህኛው ውስጥ ኩርድ የሚል ቃል የለም። አንድም ቦታ። ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከወረቀት ላይ ጠፋ።

ከወረቀት የጠፋ ሕዝብ የት ይኖራል? አሁን ወደ ሁለተኛው ነገሬ መጣሁ። በጉሮሮው ይኖራል።

እንደምታውቁት እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ስዊድን ከ1977 ጀምሮ የስደተኛ ልጆች የእናታቸውን ቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲማሩ አድርጋለች። ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ክፍል እንጋራለን፤ አንድ የኩርማንጂ አስተማሪ ይቀድመኛል፣ እኔ እከተላለሁ። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን «ቱርክኛ ነው የምታስተምረው?» አልኩት። አልተቆጣም። ሰሌዳው ላይ ሦስት የላቲን ፊደላት ጻፈ። ኪው፣ ደብሊው፣ ኤክስ። «እነዚህ ሦስቱ ምን አድርገው ይመስልሻል?» አለኝ።

ምን አድርገው ነው? ቱርክ በ1928 ፊደሏን ወደ ላቲን ስትለውጥ እነዚህን ሦስቱን አላስገባችም። ኩርማንጂ ደግሞ ያለ እነሱ አይጻፍም። ስለዚህ በእነዚህ ፊደላት ልጅን ስም ማውጣት አይቻልም ነበር። ሰው ለበዓል ጥሪ ኔውሮዝን፣ የዘመን መለወጫ በዓላቸውን ስም፣ በደብሊው ጽፎ ፍርድ ቤት ቆሟል። ክልከላው የተነሣው በ2013 ነው። በ2013! ትናንት ማለት ነው።

ጓደኛዬ ሴት ልጁን ኸዛል ሊላት ፈለገ። ሚዳቋ ማለት ነው። የመዘገባት ጸሐፊ «ይኼ ፊደል የለም» ብሎ ሃዛል ብሎ ጻፋት። አባት ቤት ውስጥ ኸዛል ይላታል፣ ወረቀቱ ሃዛል ይላል። ይህን ሲነግረኝ አንድ ነገር ታየኝ። ጠመኔውን ተቀብዬ ከሦስቱ ፊደላት ሥር የእኛን ጻፍኩለት። ቀ፣ ወ፣ ኸ። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አንድ ባይሆንም እኛ ጋ ሦስቱም አሉ። ከዚያ የልጁን ስም ጻፍኩለት፤ ኸዛል። ቆሞ አየው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ያን ቀን ነው «ቱርኩ ጎረቤቴ» ስል የኖርኩት ትዝ ብሎኝ ያፈርኩት።

አሁን ስለ ደንግቤዦች ልንገራችሁ። «ደንግ» ድምፅ ማለት ነው፤ «ቤዥ» የሚናገር። ድምፅን የሚናገር ሰው። የእኛ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ነው የሚመጣው። ደንግቤዥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ነው። እጁን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይጀምራል። የጦርነት ታሪክ፣ የፍቅር ታሪክ፣ የደም ታሪክ። ማን ከማን ተጋባ፣ የትኛው መንደር ተቃጠለ፣ የትኛው ጀግና በየትኛው ገደል ወደቀ። ሌሊቱን ሙሉ ሊሄድ ይችላል። መዝገብ ቤቱ እሱ ነው። ማኅደሩ እሱ ነው። ደንግቤዥ ሲሞት የሚቀበረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ከሁሉም ስሙ የሚነሣው ኤቭዳሌ ዘይኒኬ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። በስተርጅና ዓይኑ ጠፋ ይላሉ። አንድ ቀን ክንፏ የተሰበረ ክሬን፣ ያቺ እግረ ረጅም ተጓዥ ወፍ፣ ከመንጋዋ ተለይታ እሱ ጋ ቀረች። ዓይነ ስውሩ ዘፋኝና የማትበረው ወፍ አብረው ኖሩ። እሱ ለእሷ ዘፈነላት። ስለ ክንፏ ዘፈነ፣ ስለ ዓይኑ ዘፈነ። ያ ዜማ እስከ ዛሬ ይዘፈናል። ስደተኛ ሆናችሁ ይህን ዜማ ስትሰሙ ትርጉም አትጠይቁም። ይህቺን ወፍ አትርሱብኝ፣ እመለስባታለሁ።

እስቲ ስለ ራዲዮ ላምጣ። አባቴ በደርግ ጊዜ ማታ ማታ ራዲዮኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ይከተው ነበር። እኛ ልጆቹ «ምን እያደረገ ነው?» እንላለን። ከብርድ ልብሱ ሥር የጀርመን ድምፅ ይወጣል። እናቴ በመስኮት መንገዱን ታያለች። ብዙዎቻችሁ ይህን ታስታውሳላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ አየሁት።

የቱርክ ኩርዶችም እንዲሁ ነበሩ። የእነሱ ራዲዮ ከአርመን ነው የሚመጣው። ከ1955 ጀምሮ የይሬቫን ራዲዮ በኩርድኛ ያስተላልፍ ነበር። «ይሬቫን እየተናገረች ነው» የምትል መክፈቻ አለችው። በዚያ ሰዓት በመንደሩ ራዲዮ ያለው ቤት ይሞላል። አንድ ሰው በር ላይ ይቆማል፣ ወታደር እንዳይመጣ። ውስጥ ያሉት የገዛ ቋንቋቸውን ከሰማይ ሲወርድ ይሰማሉ። ከዚያ ራዲዮ ላይ ከሚዘፍኑት አንዱ ካራፔቴ ኻቾ ነው። እሱ ኩርድ አይደለም፣ አርመናዊ ነው። በ1915 እልቂት ወላጆቹን ያጣ ልጅ ነው። በኩርዶች መንደር አደገ፣ በኩርማንጂ ዘፈነ፣ ከታላላቆቹ ደንግቤዦች አንዱ ሆነ። የአንዱ ሕዝብ ወላጅ አልባ ልጅ የሌላውን ሕዝብ ትዝታ ተሸክሞ ኖረ። እኔ ከዚህ የበለጠ ታሪክ አልሰማሁም።

ለምን ተደበቁ? ሕጉን ስሙ። በ1983 ቱርክ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ። ኩርድኛ ተከለከለ አይልም። ኩርድኛ የሚለውን ስም መጥራት እንኳ አልፈለገም። ቱርክ ዕውቅና የሰጠቻቸው መንግሥታት አንደኛ የሥራ ቋንቋ ካልሆነ በቀር በሌላ ቋንቋ ሐሳብን መግለጽና ማሳተም ክልክል ነው አለ። የኩርድ መንግሥት አለ? የለም። እንግዲያው ቋንቋውም የለም። ይህ ሕግ እስከ 1991 ቆየ።

በዚያው በ1991 ነው ሌይላ ዛና የተነሣችው። የፓርላማ አባል ሆና ተመርጣ ቃለ መሐላ ልትፈጽም ወጣች። ግንባሯ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክር አስራለች። አዎ፣ የኛው ቀለማት፤ የኩርዶችም ናቸው። መሐላውን በቱርክኛ ፈጸመች። መጨረሻ ላይ ስለ ቱርክና ስለ ኩርድ ሕዝብ ወንድማማችነት በኩርድኛ ጥቂት ቃል ጨመረች። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። በ1994 ታሰረች፤ 15 ዓመት ተፈረደባት፤ 10 ዓመት እስር ቤት ቆየች። በጥቂት ቃል ብቻ አልነበረም የተከሰሰችው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን እነዚያን ጥቂት ቃላት ነው።

አሁን የመጻፉን ነገር ላንሣ፣ ምክንያቱም ኩርዶች አልጻፉም ብላችሁ እንዳትሄዱ። አሕመድ ኻኒ የሚባል ሊቅ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ «ሜምና ዚን» የሚባለውን ታላቅ የፍቅር ግጥም በኩርድኛ ጻፈ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው በአረብኛ ወይ በፋርስኛ ነው የሚጽፈው። እሱ ግን ኩርዶች ዕውቀት የላቸውም እንዳይባል በገዛ ቋንቋዬ ጻፍኩ አለ። ታሪኩ የሁለት ወጣቶች ነው። ሜምና ዚን በኔውሮዝ ቀን ተያዩ፣ ተዋደዱ። ቤኮ የሚባል ነገረኛ ለያያቸው። ሜም እስር ቤት ማቆ ሞተ። ዚን መቃብሩ ላይ አልቅሳ ሞተች። በመቃብራቸው መሃል እሾህ በቀለ፤ እሾሁ ከቤኮ ደም የበቀለ ነው ይላሉ። ኩርዶች ስለ ራሳቸው መከፋፈል ሲያዝኑ ይህን እሾህ ያነሣሉ።

እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ ሌላው ሥራው ነው። ኻኒ በ1680ዎቹ ለልጆች መማሪያ ጽፏል። አረብኛን ወደ ኩርድኛ የሚፈታ፣ ቤት የሚመታ መዝገበ ቃላት። ለታላላቆቹ ሳይሆን ለኩርድ ልጆች ነው የጻፍኩት ይላል። አስቡት፣ ከ300 ዓመት በፊት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው በዜማ ሲያጠኑት። ሀ ሁ በዜማ ያጠናን ሰዎች፣ አይታያችሁም?

በድርኻንን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከልጆቹ አንዱ ሚቅዳድ ሚድሃት በድርኻን በ1898 የመጀመሪያውን የኩርድ ጋዜጣ አወጣ። ስሙ «ኩርዲስታን» ነው። የት አወጣው? ካይሮ። አገሩ ላይ አልቻለማ! ጋዜጣው ከካይሮ ወደ ጄኔቭ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። በጠቅላላው 31 ቁጥር ወጣ። የልጅ ልጁ ጀላደት ዓሊ በድርኻን ደግሞ በ1932 ደማስቆ ላይ «ሃዋር» የተባለውን መጽሔት አወጣ። ሃዋር የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ እኛ «ኡኡ» ወይም «የሰው ያለህ» እንደምንለው። የላቲኑን የኩርድኛ ፊደል ያደላደለው እሱ ነው። መጽሔቱ የወጣበት ግንቦት 15፣ በፈረንጁ ማለቴ ነው፣ ዛሬ የኩርድኛ ቋንቋ ቀን ሆኖ ይከበራል። ያን ፊደል ነው ጓደኛዬ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ አገር ልጆችን የሚያስቆጥረው። ደማስቆ ላይ በስደት የተሠራ ፊደል፣ ስቶክሆልም ላይ በስደት ይማራል።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ቆሜ ልለምናችሁ። እኛ ማንም ያልከለከለን ፊደል አለን። የማክሰኞው ክፍሌ ውስጥ ግን ወንበር ይተርፋል። ልጆቹን አምጡልኝ። እባካችሁ አምጡልኝ።

ጥር 22 ቀን 1946 ኢራን ውስጥ ማሃባድ በምትባል ከተማ የኩርድ ሪፐብሊክ ታወጀ። አደባባዩ ቻርቺራ ይባላል፣ አራት ፋኖስ ማለት ነው። ፕሬዚዳንቱ ቃዚ ሙሐመድ የተከበሩ ዳኛ ነበሩ። ትምህርት በኩርድኛ ሆነ። የልጆች መጽሔት ሳይቀር ታተመ። ዕድሜው አንድ ዓመት አልሞላም። የኢራን ሠራዊት ሲመጣ ቃዚ ሙሐመድ መሸሽ ይችሉ ነበር። ከተማዋ እንዳትጠፋ ብለው ቀሩ። መጋቢት 31 ቀን 1947 በዚያው በአራት ፋኖስ አደባባይ ተሰቀሉ።

አሁን የምናገረው ከያዝኩት ሦስት ነገር ውስጥ አልነበረም። ግን መጋቢት ነው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። መጋቢት 16 ቀን 1988፣ ሃላብጃ። የሳዳም ሁሴን አውሮፕላኖች በከተማዋ ላይ መርዝ ጋዝ ጣሉ። ወደ 5,000 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ሴቶችና ልጆች ናቸው። የተረፉት ጋዙ የፖም ሽታ ነበረው ይላሉ። ጣፋጭ የፖም ሽታ። ዖመር ኻዋር የሚባል አባት ሕፃኑን አቅፎ በደጃፉ ወድቆ የተነሣው ፎቶ አለ። አላሳያችሁም፣ ልጆች አሉ። በዚያው ዓመት አንፋል በተባለው ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮች ከምድር ጠፉ፣ ሰዉ በጅምላ ተቀበረ። ሂውማን ራይትስ ዎች ከ50,000 እስከ 100,000 ሰው ተገድሏል ይላል፤ ኩርዶቹ ራሳቸው 182,000 ይላሉ። ከእነዚያ መንደሮች የቀረውን የምትሰሙት በደንግቤዥ አፍ፣ በእናት ሙሾ ውስጥ ነው። እስቲ ለእነሱ አንድ ጊዜ ዝም እንበል።

...

አመሰግናለሁ።

ሦስተኛው፣ እሳት። በሚመጣው ሳምንት፣ መጋቢት 21 ዋዜማ ላይ፣ ኩርዶች እሳት ሲያነድዱ ታያላችሁ። ኔውሮዝ ነው፣ አዲስ ቀን ማለት። በዓሉ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ ኢራናውያንም አፍጋናውያንም ያከብሩታል። በ2009 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ኩርዶች ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ዙሃክ የሚባል ክፉ ንጉሥ ነበር። ከትከሻው ሁለት እባብ በቀለ። እባቦቹ በየቀኑ የሁለት ወጣት አንጎል ይበላሉ። ካዋ የሚባል ቀጥቃጭ ልጆቹን አንድ በአንድ አጣ። የመጨረሻው ልጁ ላይ ሲደርሱ መዶሻውን አነሣ። ሕዝቡን አስከትሎ ገባ፣ ንጉሡን ገደለ። ከዚያ ተራራ ላይ ወጥቶ እሳት አነደደ፣ ነጻ ወጣን የሚል ምልክት።

ጀግናው ማን እንደሆነ አስተዋላችሁ? መስፍን አይደለም። ቀጥቃጭ ነው። እኛ አገር ቀጥቃጩን ምን ስንለው ኖርን? ማረሻችንን እየሠራልን፣ ማጭዳችንን እየሳለልን፣ «ቡዳ» አልነው። ልጁን ለልጃችን ከለከልነው። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ያሰብኩት እሱን ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ዳር አንድ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሲያልፉ ፊታችንን እንድንሸፍን ተነግሮን እንሸፍን ነበር። ሰላምታቸውን እንኳ አልመለስኩም። ኔውሮዝ በመጣ ቁጥር እኚያ ሰው ትዝ ይሉኛል።

አክሬ የምትባል ከተማ አለች፣ በኢራቅ ኩርዲስታን። በኔውሮዝ ዋዜማ ወጣቶቹ ችቦ ይዘው ተራራውን ይወጣሉ። ከታች ስታዩት እሳት ወደ ላይ የሚፈስ ወንዝ ይመስላል። ቪዲዮውን ዛሬ ማታ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ልጄ ሲያየው «እማዬ፣ እዮሃ አበባዬ ነው?» አለኝ።

ስለ ግንቦቹ ብዙ ላወራ ነበር፣ ሰዓቱ ሄደብኝ። ሁለት ነገር ብቻ። የኤርቢል ግንብ በ2014 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በሺህ ዓመታት ውስጥ ሰው ያልተለየው ጉብታ ነው። በ2007 ለእድሳት ነዋሪዎቹ ሲወጡ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲቀር ተደረገ፤ የሰው ኑሮ እንዳይቋረጥበት። አንድ ቤተሰብ! ጭሱ እንዳይቋረጥ። ሃሰንኬይፍ ግን እንዲያ አልሆነላትም። በጤግሮስ ዳር፣ በዋሻና በጥንታዊ ድልድይ የታወቀች ከተማ ነበረች። በ2020 የኢሊሱ ግድብ ውኃ ዋጣት። የምታውቋቸው ከዚያ የመጡ ሰዎች ካሉ መንገዷን ጠይቋቸው፤ ሱቅ በሱቅ ይቆጥሩላችኋል።

አሁን የእናቴን ነገር ነግሬያችሁ ልጨርስ። ብዙዎቻችሁ ታውቋት ነበር። የጎንደር ሴት ናት፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። እዚህ ከመጣች በኋላ ያሳፍራት ነበር፤ በጋም ቢሆን ነጠላዋን ትጠመጥማለች። አንድ ቀን የሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሆና ሙቀቱ ሲበዛባት ነጠላዋን አወረደች። አንዲት ጎረቤት፣ በእሷ ዕድሜ ያሉ ኩርድ፣ ገቡ። አዩዋት። ቅርጫታቸውን አስቀመጡና የራሳቸውን አገጭ አሳዩዋት። ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ እንደ ትንሽ ኮከብ። እነሱ «ደቅ» ይሉታል። ጥላሸትና ሴት ልጅ የወለደች እናት የጡት ወተት ተቀላቅሎ በመርፌ ይነቀሳል። እናቴ ጣቷን ዘርግታ ነካችው። እሳቸውም የእናቴን አንገት ነኩ። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት አልተለያዩም። አንዷ አማርኛ፣ አንዷ ኩርማንጂ፣ ስዊድንኛ ሁለቱም የሉበት። አንድ ቀን ቡና፣ አንድ ቀን ሻይ። እኛ ልጆቹ «ምን ይሆን የሚያወሩት?» እንላለን። እናቴ ነጠላውን ተወችው።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ቤቱ በለቅሶ ሰው ተሞልቶ ነበር። እሳቸው መጥተው ከእናቴ ፎቶ ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያን ጊዜ ደንግቤዥ ምን እንደሆነ አላውቅም። ድምፃቸው ሲወጣ ሙሾ አውራጇ ራሷ ዝም አለች። ከዚያ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏቸው። በአማርኛ ተቀበሏቸው።

ኋላ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። የዘፈኑት የኤቭዳልን ዜማ ነው፤ የክሬኗን።

ዛሬ እዚህ አሉ። እዚያ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ነጭ ሻሽ ያደረጉት። አማርኛ አይሰሙም፣ ግን ስለ ማን እንደማወራ ገብቷቸዋል፣ ይኸው እያዩኝ ነው። ማይክራፎኑን አጥፉልኝ፣ እሳቸው አይፈልጉትም። ልጆች መንገድ ልቀቁላቸው። በቋንቋቸው ልጥራቸው።

ዳዬ፣ ከረም ብከ። እናቴ፣ ይምጡ።